የተጠነፈፈ ጨፌ ላይ አትክልትና ፍራፍሬ፦ መደቡ ምን ያህል ከፍ ይበል?

ጉማራ ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ቦታው ደራ ወረዳ፣ ደቡብ ጎንደር ነው። ከኮረብታ ግርጌ ያለ፣ 40 ሜትር በ60 ሜትር፣ ጥማድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ቀድሞ ቄጤማና ደንገል ይታጨድበት የነበረ ጨፌ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በመሐሉ ዋና ቦይ ወጥቶለት ውሃው ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ላይኛው አንድ ክንድ ያህል ጥቁርና ፍርፍር አፈር፣ ከሥሩ ግራጫና ተለጣፊ ሸክላ። ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው በ60 ሜትር ውስጥ 40 ሳ.ሜ. ብቻ ይወርዳል።

አምና 1 ሜትር ስፋትና 20 ሳ.ሜ. ከፍታ ባላቸው መደቦች ላይ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ተተክሎ ነበር። ቃሪያው መስከረም መጨረሻ ላይ ጠውልጎ አለቀ። ነጭ ሽንኩርቱ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነና ሲነቀል ሥሩ በስብሶ ተገኘ።

ጥያቄዎቼ፦ የመደቡ ስፋትና ከፍታ ስንት ይሁን? ቦዩን አጥልቄ ውሃውን ጨርሶ ባደርቀው ይሻላል? አቮካዶና ሙዝስ ይሆናሉ?

አባ መረሬ

ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። የቢቢኤም ማረሻ (ሰፊ መደብ የሚያወጣ የበሬ መሣሪያ) ካለ በበሬ መደብ ያወጣልዎታል፤ 80 ሳ.ሜ. መደብ፣ 40 ሳ.ሜ. ፈር። በመረሬ (ውሃ በሚይዝ ጥቁር ሸክላ) መሬት ላይ ስንዴው የሚያምረው በእሱ ነው።

ውሃ ልክ

አባ መረሬ፣ ቢቢኤም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የተሠራው ግን ለሌላ ዓይነት ውሃ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት የአገር ማረሻ ተጣምሮ ሲሠራ የታሰበው ሰማይ ያወረደው ዝናብ ወደ ታች አልሰርግ ብሎ ለሚተኛበት መረሬ ነው። እነዋሪ (ሰሜን ሸዋ) አካባቢ በእጅ የሚወጣው መደብም፣ ሹሩቤ የሚባለው በማረሻ የሚወጣ ትልምና ፈርም ሥራቸው ይኸው ነው፤ ከላይ የመጣን ውሃ ከላዩ ላይ ማንሸራተት። የዚህ ጨፌ ውሃ ግን ከጎንና ከሥር የሚመጣ ይመስላል። 15 ወይም 20 ሳ.ሜ. የሆነ የበሬ መደብ ለዚያ አይበቃም፤ የአምናው ቃሪያም ያየው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ጠያቂያችን፣ አካፋ ከማንሳትዎ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይወቁ። በቦታው ርዝመት ሦስት ቦታ (ላይ፣ መሐል፣ ታች) ክንድ የሚያስገባ፣ 1 ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ ይቆፍሩ። ከዋናው ቦይ ቢያንስ 8 ሜትር ይራቁ፤ አለዚያ የሚለኩት ቦዩን ነው። አንድ ሌሊት ይደር፤ በማግስቱ ከመሬቱ ወለል እስከ ውሃው ያለውን በእንጨት ይለኩ። ከዚያ በየሳምንቱ።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ሦስቱም ላይ ውሃው እኩል ቅርብ ከሆነና ዝናብ ካቆመ ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልወረደ፣ ውሃው ከሥር ነው፤ መደብ ማሳደግ ግድ ነው። ላይኛው ቅርብ፣ ታችኛው ጥልቅ ከሆነ ከኮረብታው የሚሰርግ ነው፤ ያኔ ትልቁ መድኃኒት መደብ ሳይሆን በላይኛው ዳር የሚወጣ፣ የኮረብታውን ውሃ ማሳው ሳይደርስ ይዞ ወደ ጎን የሚመልስ መቀልበሻ ቦይ ነው። ሦስቱም ደረቅ ሆነው ላይ ላዩ ብቻ ከተኛ የአባ መረሬ ምክር ይሠራል።

የጉድጓዱን ግድግዳም ልብ ይበሉ። ግራጫው ውስጥ የዝገት ቀለም ያለው ነጠብጣብ የሚጀምርበት ከፍታ፣ ውሃው በክረምት እስከየት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ይነግርዎታል። ዛሬ ደረቅ ቢሆንም አፈሩ አይዋሽም።

ጉማራ ማዶ (ጠያቂ)

ለካሁት። ላይኛው 15 ሳ.ሜ.፣ መሐለኛው 30፣ ታችኛው 55። ጥቅምት አጋማሽ ነው፣ ዝናብ ከቆመ 12 ቀን ሆኖታል። የዝገቱ ነጠብጣብ ላይኛው ጉድጓድ ላይ ከ10 ሳ.ሜ. ጀምሮ ይታያል።

ባለ ቦዩ

የኮረብታ ውሃ ነው፤ ግልጽ ነው። በቅደም ተከተል እንሂድ።

መጀመሪያ መቀልበሻው። በላይኛው ዳር፣ 40 ሜትሩን ሙሉ። ውሃው በጥቁሩ አፈርና በግራጫው ሸክላ መጋጠሚያ ላይ ተንሸራቶ ስለሚመጣ፣ ቦዩ ሸክላውን 10 ሳ.ሜ. ያህል መንከስ አለበት፤ በእርስዎ ቦታ 60 ሳ.ሜ. ጥልቀት መሆኑ ነው። ከዚያ ካነሰ ውሃው በሥሩ ያልፋል። አፉ 80፣ ወለሉ 40 ሳ.ሜ. ቢሆን ግድግዳው አይናድም። ቁልቁለቱ በ10 ሜትር ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ. ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ወለሉን ይሸረሽራል፣ ካነሰ ደለል ይሞላዋል። ግልጽ የሆነ የፕላስቲክ ጎማ 10 ሜትር ገዝተው ውሃ ሞልተው ይለኩ (በሁለቱ ጫፎች ውሃው እኩል ልክ ላይ ይቆማል)፤ ዓይን እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ሁልጊዜ ይሳሳታል። የተቆፈረው አፈር በታችኛው ከንፈር ይከመር እንጂ በላይኛው አይደለም፤ ላይ ከከመሩት ክረምቱ መልሶ ቦዩ ውስጥ ይጥለዋል። መውጫው በጎረቤት ማሳ ላይ እንዳያርፍ፤ እስከ ጅረቱ ድረስ ይምሩት።

ይህ ብቻ አንድ ወር ይሥራ። ከዚያ ጉድጓዶቹን እንደገና ይለኩ። መሐለኛው 45 ከደረሰ የመደቡ ሥራ በግማሽ ቀለለ ማለት ነው።

አሁን መደቡ። ዋናው ቦይ መሐል ስላለ መደቦቹ ከሁለቱም ዳር ወደ እሱ ይዘርጉ፤ ለዳር መተላለፊያና ለዋናው ቦይ ከተቀነሰ እያንዳንዱ 18 ሜትር ይሆናል። ስፋቱ 1 ሜትር ከ20። ከሁለቱም ጎን እጅ መሐሉ ድረስ ስለሚደርስ መደቡ አይረገጥም፤ እርጥብ ሸክላ አንዴ ከተረገጠ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይተነፍስም። ከዚህ ሲሰፋ መሐሉ አይጠነፈፍም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስሌት እዚህ ላይ ነው። «40 ሳ.ሜ. ቦይ ከቆፈርኩ መደቡ 40 ሳ.ሜ. ከፍ ይላል» ይባላል። አይልም። አፉ 50፣ ወለሉ 30፣ ጥልቀቱ 40 ሳ.ሜ. የሆነ ቦይ በአንድ ሜትር ርዝመት የሚያወጣው 0.16 ሜትር ኩብ ነው። ይህ በ1 ሜትር ከ20 ስፋት ላይ ሲበተን 13 ሳ.ሜ. ነው፤ ተቆፍሮ ስለሚያብጥ 16 ይመስላል፣ ከአንድ ክረምት በኋላ ተቀምጦ 12 ይሆናል። ከቦዩ ወለል እስከ መደቡ አናት ታዲያ 52 ሳ.ሜ. ገደማ ነው። ለጎመን፣ ለቆስጣና ለሰላጣ ይበቃል። ለቃሪያና ለሽንኩርት ቦዩን አፉን 70፣ ወለሉን 40፣ ጥልቀቱን 50 ያድርጉት፤ ያኔ ከወለል እስከ አናት 70 ሳ.ሜ. ይደርሳል። ዋጋው መሬት ነው፤ በመጀመሪያው ስሌት ከመሬቱ 29 ከመቶ ቦይ ይሆናል፣ በሁለተኛው 37።

የአፈሩ አደራረብ ላይ ግድየለሽ አይሁኑ። የቄጤማውን ሣር ከነሥሩ በአካፋ ቁራጭ ቁራጭ እያደረጉ ገልብጠው ከመደቡ ሥር ያንጥፉ። ከቦዩ የሚወጣውን ጥቁር አፈር በላዩ ይጨምሩ። ግራጫው አናት ላይ መውጣት የለበትም፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ዘር አያበቅልም። ትንሽ ከወጣ መሐል ለመሐል ቀብረው በጥቁሩ ይሸፍኑት። ሰርዶ ካለ ግን አይቀበርም፤ ለቅመው ያድርቁት፣ አለዚያ ተጋብዞ እንደመጣ እንግዳ አናት ላይ ይቀመጣል።

መቼ? ከጥር እስከ መጋቢት። ከመቆፈርዎ በፊት ከ20 ሳ.ሜ. ጥልቀት አፈር ያንሱና በመዳፍ ያድቦልቡሉ፤ ቢያብረቀርቅና በጣት ቢለጠጥ ይቆዩ፣ ሲጫኑት ቢፈረካከስ ይጀምሩ። አንድ ጎበዝ ቆፋሪ ከትንሹ ቦይ 18 ሜትሩን በቀን ከጨረሰ ደህና ሠራ ማለት ነው። ሙሉ ቦታውን ከወሰዱት 60 መደብ ያልፋል፤ ዘንድሮ 10 መደብ ብቻ፣ ያውም ከታችኛው ጫፍ።

ተክል ሐኪም

አንድ ነገር ከመወሰኑ በፊት፦ ነጭ ሽንኩርቱ ሲነቀል ሥሩ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ነበረው? በላዩስ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ጥቁር ፍንጣሪዎች?

ጉማራ ማዶ (ጠያቂ)

ሻጋታው ነበረ። ጥቁር ነገሩንም አይቼዋለሁ፣ አፈር መስሎኝ ነበር።

ተክል ሐኪም

እንግዲያው ችግሩ ውሃ ብቻ አልነበረም። ውሃ ብቻ ያበሰበሰው ሥር ቡናማና የሚሸት ነው፤ ጥጥ አያወጣም። ያ ነጭ ሽንኩርትን፣ ቀይ ሽንኩርትንና ባሮን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ ነው። ጥቁሮቹ ፍንጣሪዎች አስተናጋጅ ተክል ባይኖርም አፈር ውስጥ 20 ዓመት ያህል ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ የአምናዎቹ መደቦች ላይ የሽንኩርት ዘር የሆነ ሁሉ አይመለስም። አካፋና ጫማ ከዚያ ወደ አዲሱ መደብ ሲሻገር ይታጠብ። የእነዚያ መደቦች ቦይም በአዲሶቹ መደቦች ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ዋናው ቦይ ይግባ። ባለ ቦዩ ከታች ይጀመር ያሉት ጥሩ ነው፤ የአምናዎቹ መደቦች ላይኛው ጫፍ ከሆኑ ግን የቦዩ አቅጣጫ ይታሰብበት። ለዘር የሚሆን ነጭ ሽንኩርትም ከዚህ ማሳ አይወሰድ፣ አይሸጥም።

ቃሪያው ሌላ ነው። ዘንድሮ አንድ ተክል ቢጠወልግ ሦስት ነገር ይዩ። የግንዱ ሥር በመሬቱ ወለል ላይ ዙሪያውን ጠቁሮ ቀለበት ከሠራ፣ በውሃ የሚዋኝ የሥር አበስባሽ ነው፤ በቦይ ውሃ ከመደብ ወደ መደብ ይሄዳል። ግንዱ ጤነኛ መስሎ ተክሉ አረንጓዴ እንደሆነ ከወደቀ፣ ከግንዱ ሥር አንድ ጣት ቆርጠው ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥለው 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ እንደ ወተት ያለ ክር ከወረደ ባክቴሪያ ነው፤ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን እዚያ መደብ ላይ ለዓመታት አይተከሉም። ሁለቱም ከሌሉ ሥሩ አየር አጥቶ ነው፤ ቃሪያ ከአትክልት ሁሉ ለዚህ ትዕግሥት የለውም።

የመጀመሪያው ዓመት በጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ይለፍ። ካሮት በሁለተኛው ዓመት፤ ያልተብላላ የሣር ሥር ሲያገኝ ይቀነጠሳል፣ ሁለት ሦስት እግር ያበቅላል። ቃሪያና ቲማቲም በከፍተኛው መደብ ላይ፣ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ብቻ። ጥቅል ጎመን ሥሩ እንደ ዱላ ካበጠ ግን ኮምጣጣ አፈር የሚወድ የሥር በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ፒኤቹ (የአፈሩ የኮምጣጣነት ልክ) ሳይለካ ኖራ አይበተን፣ ልኩን የአፈር ላቦራቶሪው ይንገርዎ።

ማዳበሪያ ላይ፦ የሄክታሩን መጠን ለመደቡ ሲያሰሉ ቦዩን አይቁጠሩ። 1 ሜትር ከ20 በ18 ሜትር 21.6 ካሬ ነው። በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ ማለት ለአንዱ መደብ 216 ግራም ነው። እሱንም በሦስት ከፍለው፣ በየጊዜው 70 ግራም ያህል፣ 5 ሳ.ሜ. ገብቶ ይሸፈን። ውሃ በጠገበ አፈር ላይ የተበተነ ዩሪያ ብዙው ወደ አየር ሊጠፋ ይችላል፤ ከታች ጀምሮ ቢጫ የሚሆነው ቅጠል ብዙውን ጊዜ «ጨምሩልኝ» ሳይሆን «አጠንፍፉልኝ» ነው የሚለው። ኮምፖስት ለመደቡ 65 ኪሎ ገደማ፣ የበሰለ ይሁን፤ ያልበሰለ ፍግ እርጥብ መደብ ውስጥ የቀረችውን አየር ይጨርሳታል።

ጓሮ አትክልት

ፍራፍሬው ላይ ልግባ። አቮካዶን ከጨፌው ያውጡት። ሥሩ ውሃ ሲጠግብ የሚያጠቃው በሽታ መድኃኒቱ መሬት መምረጥ ነው። «ጉብታ ሠርቼ እተክላለሁ» ካሉ ስሌቱ ይኸው፦ ግርጌው 3 ሜትር፣ አናቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 80 ሳ.ሜ. የሆነ ጉብታ 3.3 ሜትር ኩብ አፈር ይበላል፤ ለአንድ ዛፍ 60 የእጅ ጋሪ ገደማ። ከመቀልበሻው ቦይ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ግን ያለ አንድ ጋሪ አፈር ይበቅላል።

ሙዝ ይሆናል፤ 3 ሜትር ስፋት ባለው መደብ ላይ አንድ መስመር፣ በ3 ሜትር ርቀት፣ ውሃው ከአናቱ ቢያንስ 60 ሳ.ሜ. ርቆ። ፓፓያ ሥሩ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ከቆየ ይሞታል፤ አይሞክሩት። ዘይቱና ከሁሉም ይታገሣል። ማንጎ ለጥቂት ቀን ይችላል፣ ለወር አይችልም። ጎደሬ በቦዩ ትከሻ ላይ፣ ሸንኮራ በታችኛው ዳር። ባሕር ዛፍ «ውሃውን ይጠጣልኝ» ተብሎ ይተከላል፤ ይጠጣል፣ የመደብዎንም ጭምር።

ይህን ለሚያነቡ የፎገራ ሜዳ ሰዎች አንድ ቃል። ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት መሬት ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚያ ክረምቱ የሩዝ ነው፣ መደብ የሚወጣው ውሃው ከሸሸ በኋላ ለሽንኩርት ነው። ቋሚ ተክል እዚያ ከተፈለገ መደብ ብቻ አይበቃም፣ ዙሪያውን ግድብ ይጠይቃል። ባንኮክ ዙሪያ ባለው ረባዳ መሬት የፍራፍሬ ገበሬዎች ከ4 እስከ 6 ሜትር ስፋት ያለው መደብ ሠርተው በመካከሉ ባለው ቦይ ትንሽ ጀልባ ላይ ፓምፕ ጭነው ያጠጣሉ፤ ዙሪያው በግድብ የታጠረ ነው። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ጎርፉ ግድቡን ሲያልፍ ከባንኮክ አጠገብ ባለችው ኖንታቡሪ ለዓመታት የቆዩ የዱሪያን (ውድ የሆነ እሾሃማ ፍሬ) ዛፎች ሞቱ። መደቡ አልጠፋም፤ ውሃው አልሸሽ ብሎ ነው።

ውሃ ልክ

«ጨርሶ ላድርቀው» ለተባለው እስካሁን መልስ አልተሰጠም። አያድርቁት። ጥቁሩ አፈር የቄጤማ ብስባሽ ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ አየር ሲያገኝ ይበላል፣ መሬቱም በየዓመቱ ዝቅ እያለ ይሄዳል። በጣም ከደረቀ ደግሞ ዱቄት ይሆንና ውሃ ቢያፈሱበት እንኳ አልቀበል ይላል። ሌላው፣ ጥር ላይ በባልዲ ማጠጣት የሚመጣው ጥቅምት ላይ ውሃውን ሁሉ ያባረረ ሰው ላይ ነው። ኢሉባቦር ውስጥ ጨፌ የሚያርሱ ገበሬዎች በቆሎው ሲሰበሰብ ቦዩን ደፍነው ውሃውን ይመልሳሉ፣ የሸለቆውን አናትም ሳይነኩ ይተዋሉ። ምንጩ እዚያ ነው።

እርስዎም ክረምት ላይ ክፍት፣ ከኅዳር በኋላ በከፊል ዝግ ያድርጉት። ውሃው ከመደቡ አናት 50 ሳ.ሜ. አካባቢ ዝቅ ብሎ ከቆመ ሥሩ ከታች እየሳበ ይጠጣል። ለቃሪያው 60 ይሁን።

ጉማራ ማዶ (ጠያቂ)

መዝጊያውን ዋናው ቦይ መጨረሻ ላይ አንድ ባደርግ ይበቃል?

ውሃ ልክ

አይበቃም። የቆመ ውሃ ልኩ እኩል ነው፤ መሬትዎ ግን በ60 ሜትር 40 ሳ.ሜ. ይወርዳል። ታች ላይ 50 ሳ.ሜ. ዝቅ አድርገው ቢያቆሙት ላይኛው መደብ ዘንድ 90 ሳ.ሜ. ዝቅ ይላል፤ ላይኛው ይጠማል። ለላይኛው ብለው ከፍ ካደረጉት ታችኛው ይሰምጣል። በየ20 ሜትሩ አንድ፣ ሦስት መዝጊያ ያድርጉ። ያኔ በአንዱ ክፍል ውስጥ ያለው ልዩነት 13 ሳ.ሜ. ብቻ ነው፤ ታች 45፣ ላይ 58። ቃሪያውን የየክፍሉ ላይኛው መደብ ላይ፣ ጎመኑን ታችኛው ላይ ይተክላሉ።

ሲሚንቶ አያስፈልግም። ሁለት ጠንካራ እንጨት ግራና ቀኝ ይቸክሉ፣ እያንዳንዳቸው 10 ሳ.ሜ. የሆኑ ጣውላዎች አንዱን በአንዱ ላይ ከእንጨቶቹ ላይኛው ጎን ይደርድሩ፤ ውሃው ራሱ ይገፋቸዋል። ወለሉና ግራ ቀኙ ላይ ግማሽ ድረስ ሸክላ የተሞላ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ያስቀምጡ። ከጣውላው በታች በኩል ውሃው ሲዘል እንዳይቦረቡር አንድ ጋሪ ድንጋይ ይድፉ። ጣውላ ሲጨምሩ በቀን አንድ ብቻ፤ በአንዴ ሦስት ከጨመሩ የመደቡ ጎን ረጥቦ ይናዳል።

ባለ ቦዩ

አንድ ጭማሪ። ዘንድሮ ሰኔ 10 ከመድረሱ በፊት ጣውላዎቹ በሙሉ ይውጡና ቤት ይግቡ። ቦይ ውስጥ የተረሳ አንድ ጣውላ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ቄጤማና ገለባ ይሰበስባል፣ ውሃውም በጎኑ አዲስ ቦይ ያወጣል። ያ አዲስ ቦይ ሁልጊዜ የሚያልፈው በተሻለው መደብ ላይ ነው።